ፈረሱ ስም አለው፤ ተሸካሚውስ?

ናይሮቢ ውስጥ ከመሐል ከተማ ወደ ኢስሊ አቅጣጫ በሚያመራ ማታቱ የተሳፈረ ሰው፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ካሪዮኮር! ካሪዮኮር!» ሲል ሳይሰማ አይቀርም። በከተማይቱ የሚኖረው ሐበሻም ስፍራውን ያውቀዋል። የቃጫ ቅርጫት የሚገዛው፣ በረባሶ የሚያማርጠው፣ እንግዳ ሲመጣበት የተጠበሰ ሥጋ ሊጋብዝ የሚወስደው ወደዚያ ገበያ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለጆሮ የኪኩዩ ወይም የካምባ ቃል ይመስላል። አይደለም። «ካሪየር ኮር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ በአገሬው አንደበት ተለውጦ የቀረ ነው፤ ፍቺውም የተሸካሚዎች ጓድ ማለት ነው። በዳሬሰላም ያለው ካሪያኮም የዚሁ ቃል ወንድም ነው። የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በስሙ ይጠራል፤ ሲምባና ያንጋ የተባሉት የእግር ኳስ ቡድኖች ሲገጥሙም ጨዋታው «የካሪያኮ ደርቢ» ይባላል። በሁለት ታላላቅ የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሕዝብ በየቀኑ የሚጠራው ይህ ስም በመሠረቱ የዘማቾች ሰፈር ስም ነው። ሰፈሩ ስም ቀርቶለታል፤ ከሰፈሩ ወጥተው ያልተመለሱት ሰዎች ግን ስም አልቀረላቸውም። ይህም በመርሳት የሆነ ተደርጎ መታለፍ የለበትም፤ ታስቦበትና ተወስኖ የተደረገ ነውና።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1914 (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) በአውሮፓ የተለኮሰው እሳት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለመዛመት ሳምንታት አልፈጀበትም። የዛሬዎቹ ኬንያና ኡጋንዳ በእንግሊዝ፣ የዛሬይቱ ታንዛኒያ ዋና ምድር ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ጋር በጀርመን እጅ ነበሩ። የጀርመኑ አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶ ፎርቤክ ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጦር እያፈገፈገ፣ ከታንዛኒያ ወደ ሞዛምቢክ፣ ከሞዛምቢክ ወደ ዛምቢያ እየዘለቀ አራት ዓመት ሙሉ ሲያንከራትተው ቆየ። እጁን የሰጠው ኖቬምበር 25 ቀን 1918፣ በአውሮፓ ተኩስ ከቆመ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነበር። የጦር ታሪክ ወዳጆች ይህንን ሰው እስከ ዛሬ ያደንቁታል። ጦሩን ያሳደደው የእንግሊዝ ወገንም የራሱ አድናቂዎች አሉት። ሁለቱም ጦሮች በማን ትከሻ ላይ እንደተጓዙ ግን የሚያነሳው ከአሥር አንባቢ አንዱ ነው።

አገሩ መንገድ አልነበረውም። ባቡር ሐዲድ ቢኖር ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ አንድና ሁለት መስመር ብቻ ነው። ፈረስ፣ በቅሎና በሬ እንዳይጫን ደግሞ የቆላው ዝንብ አለ፤ ቆላ የወረደ የኢትዮጵያ ገበሬ «ገንዲ» ብሎ የሚያውቀው በሽታ የጭነት ከብቱን በሳምንታት ውስጥ ያረግፈዋል። እንስሳው ሲያልቅ አዛዦቹ በእንስሳው ቦታ ሰው ተኩ። የሰው ሸክም በአማካይ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ተሸካሚው ግን እንደ መኪና በነዳጅ የሚሄድ አይደለምና መብላት አለበት፤ በቀን አንድ ኪሎ ያህል ዱቄት ቢበላ፣ የተሸከመውን እህል በሃያ አምስት ቀን ራሱ ይጨርሰዋል። አሥር ቀን ሄዶ አሥር ቀን ቢመለስ ለወታደሩ የሚያደርሰው አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ለተሸካሚው ስንቅ የሚሸከም ሌላ ተሸካሚ፣ ለእርሱም ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል። ጦሩ ከሐዲዱ በራቀ ቁጥር የሰው ሰንሰለቱ እየረዘመ፣ የሰው ፍላጎቱም ማለቂያ እያጣ ሄደ። በዚህ ስሌት መሠረት ነው የእንግሊዝ ወገን ብቻውን በጦርነቱ ዘመን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተሸካሚ ያሰለፈው።

በፈቃዱ የገባ ነበረን? በመጀመሪያው ሰሞን ጥቂት ነበረ። ኋላ ግን በ1915 በኬንያ አስገዳጅ ሕግ ወጣ፤ በ1917 ደግሞ ጆን ኤንስዎርዝ የተባለው የቅኝ ግዛቱ ባለ ሥልጣን የመራው ታላቅ አፈሳ ተካሄደ። የቀበሌው ሹም ቁጥር ይታዘዛል፤ ሹሙም ቁጥሩን ለመሙላት ጎረምሳውን ከእርሻው፣ ሙሽራውን ከጫጉላው ያወጣል። ተሰብስበው ናይሮቢ ካለው ሰፈር ይገባሉ፤ ያ ሰፈር ነው ዛሬ ካሪዮኮር የተባለው። ከቀዝቃዛው ደጋ የመጣው ሰው ብርድ ልብስ ተሰጥቶት ወደ ሩፊጂ ወንዝ ረግረግ ይወርዳል። የሚሰጠው ምግብ ሆዱ የማያውቀው የበቆሎ ዱቄት ነው፤ ሸካራ የተፈጨ፣ ለማብሰያ ጊዜም ማገዶም ስለማይገኝ ጥሬነቱ ያልለቀቀው። በዚህ የተነሳ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ገባ። ወባና የሳንባ ምች ተከተሉ። ጥይት የገደለው ጥቂቱን ነው፤ ብዙውን የጨረሰው ያልበሰለ ገንፎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእንግሊዝ መዝገብ የተቆጠሩት የሞቱ ተሸካሚዎች ከ95,000 በላይ ናቸው፤ ጠመንጃ ይዘው ከሞቱት ብዙ እጥፍ መሆኑ ነው። ሳይቆጠር በየመንገዱ የወደቀው፣ ሸሽቶ በጫካ የቀረው፣ ቤቱ ደርሶ በያዘው በሽታ የሞተው በዚህ ውስጥ የለም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ለዘማች ክብር መስጠት መጣ። በዚህ ጉዳይ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ዘማቾቹን ረስቷል የሚለው ወቀሳ ልክ አይደለም፤ የሚያከብረውን መርጦ በሚገባ አክብሯልና። በ1919 ለነጭ የጦር ተመላሾች በኬንያ መሬት የሚያድል ዕቅድ ወጣ። እጣ ተጣጣሉ፤ እርሻ ተቀበሉ። ከታደለው መሬት ውስጥ ከናንዲ ሕዝብ ይዞታ የተቆረሰ ይገኝበታል። የናንዲ ጎልማሶች ደግሞ ለዚሁ ጦርነት የተሰለፉ ነበሩ። አንዱ ዘማች የሌላውን ዘማች መሬት ለውለታው ተሸለመ ማለት ነው። ለጥቁሩ ምን ተሰጠው? ከ1920 ጀምሮ «ኪፓንዴ» ተሰጠው። ኪፓንዴ በአንገት የሚንጠለጠል የብረት ማኅተብ ነበር፤ በውስጡ የባለቤቱ ስም፣ የጣት አሻራው፣ የአሠሪዎቹ ማንነትና የተከፈለው ደመወዝ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ያለ ኪፓንዴ ከቀየው ቢወጣ ይታሰራል።

ይህ ነገር በጥሞና ይታይ። የሞተውን ሰው ስም በድንጋይ ላይ ለመጻፍ «አይቻልም፣ መዝገቡ አልተሟላም፣ ስሞቹ ይመሳሰላሉ» ያለ መንግሥት፣ በዚያው ሰሞን የሕያዋኑን ሁሉ ስም ከነጣት አሻራቸው ጽፎ በአንገታቸው ላይ አንጠልጥሏል። ለሥራ ሲፈለግ ስሙ ይታወቃል፤ ለመቃብር ሲፈለግ ስሙ ይጠፋል። የሞቱት ሰዎች ያልተከፈለ ደመወዝም ወራሾቻቸው አልተገኙም በሚል ሰበብ በመንግሥት ግምጃ ቤት ቀረ። በቅኝ ግዛቱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሹማምንት ሳይቀሩ «ይህ ገንዘብ ቢያንስ ለአገሬው ሕዝብ ጥቅም ይዋል» እያሉ ለዓመታት ቢከራከሩም፣ ለንደን ያለው የጦር ሚኒስቴር ጆሮ አልሰጣቸውም።

ከዚያም ሐውልት ቆመ። በናይሮቢ የዛሬው ኬንያታ ጎዳና ላይ በ1928 የተመረቀው የነሐስ ሐውልት ሦስት ሰዎች ያሉት ነው፤ ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል፣ ሦስተኛው ተሸካሚ ነው። በዳሬሰላምም ከአንድ ዓመት በፊት ተመሳሳይ መታሰቢያ ቆሟል። በእግራቸው ሥር በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ የተቀረጸውን ቃል ያረቀቀው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ግዛት ዋና ባለ ቅኔ የነበረው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ቃሉ ተሸካሚዎቹን የሠራዊቱ አካል፣ እንዲያውም የሚሄድበትና የሚሠራበት አካል አድርጎ ያወድሳቸዋል፤ ሲደመድምም ለአገሩ የተዋጋ ሰው ቢሞት እንኳ ልጆቹ ስሙን አይዘነጉም የሚል ተስፋ ይሰጣል። ሐውልቱን ዞሮ ያየ ሰው ግን ስም ፈልጎ አያገኝም። ስም የሚያስታውስ ሐውልት ነኝ የሚል ድንጋይ አንድ ስም የለበትም! በሥነ ጥበብ ዐይን ሥራው ውብ ነው፤ ተሸካሚው ከነሸክሙ በክብር ቆሟል። ይሁን እንጂ ያ የነሐስ ሰው ማንንም አይመስልም፤ ሁሉንም ይወክላል ተብሎ ማንንም እንዳይሆን የተቀረጸ ነው።

ሌሎቹ ሙታንስ? በታቬታና በቮይ የጦር መቃብሮች የሄደ መንገደኛ በረድፍ የቆሙ፣ ስምና ማዕረግ የተጻፈባቸው ድንጋዮች ያያል። ይህንን ያሠራው በ1917 የተቋቋመው የንጉሣዊ ግዛቱ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። የኮሚሽኑ መመሪያ በጊዜው እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፦ ባለጸጋና ድሃ፣ መኮንንና ተራ ወታደር፣ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ የሞተ ሁሉ በስሙ ይታሰባል። በአውሮፓ ምድር መመሪያው በአመዛኙ ተፈጸመ። አፍሪካ ሲደርስ ግን ታጠፈ። በ1923 የጎልድ ኮስት አገረ ገዥ የነበረው ጉጊስበርግ (የጎልድ ኮስት ወታደሮች በምሥራቅ አፍሪካ የተዋጉ ናቸው) ተራው አፍሪካዊ የመቃብር ድንጋይ ምን እንደሆነ አይገባውም የሚል አስተያየት ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካም የተሸካሚዎቹ መቃብሮች ወደ ዱርነታቸው እንዲመለሱ ይተዉ ተባለ። ለምን ቢሉ፣ አገሬው ለመቃብር ስሜት የለውም ነው መልሱ። ለሙታን ቃል ሳይፈጽም፣ አጥንት ሳያሳርፍ፣ የአባቱን ስም ለልጁ ሳያወርስ የሚኖር የአፍሪካ ሕዝብ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ ያረጋገጠ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ የአፍሪካውያን እሮሮ ብቻ ሆኖ ለአንድ መቶ ዓመት ቆየ። በኤፕሪል 2021 ኮሚሽኑ ራሱ ያስጠናው ሪፖርት ወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ከሞቱት አፍሪካውያን፣ እስያውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች መካከል ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑት ከሌሎች እኩል እንዳልታሰቡ፣ ቢያንስ 116,000 ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱት ደግሞ ስማቸው እንዳልተጻፈ ወይም ከነአካቴው እንዳልታሰቡ ተገለጸ። ምክንያቱም ዘረኝነት መሆኑ በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስትርም በፓርላማ ይቅርታ ጠየቀ። በአንድ መቶ አሥራ ስድስት ሺህና በሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ መካከል ያለውን ገደል ግን ልብ ማለት ይገባል፤ ይህ የሒሳብ ስሕተት አይደለም። ሟቾቹ እንዴት ተቆጥረው እንደነበር የሚመሰክር ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ እንምጣ ቢባል፣ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው «ተሸካሚ ወታደር አይደለም» የሚል ነው። ጠመንጃ አልያዘም፣ አልተኮሰም፤ የጉልበት ሠራተኛ ነው ይላል። ይህ ክርክር በሌላ ቋንቋ ሲነገር ሊያሳምን ይችል ይሆናል፤ በአማርኛ ግን አያስኬድም። አማርኛ በአምስቱ የጠላት ዘመን «የውስጥ አርበኛ» የሚል ስያሜ ፈጥሯል። የውስጥ አርበኛ ማለት ጠላት በሠፈረበት ከተማ እየኖረ ለዱር አርበኛው መድኃኒት የላከ፣ ጥይት በዱቄት ቋት ደብቆ ያሻገረ፣ ወሬ ያቀበለ ሰው ነው። አንዲት ጥይት ሳይተኩስ አርበኛ ተባለ። በዚህ ስያሜ የሚኮራ ሕዝብ ስንቅ ተሸክሞ የሞተውን ሰው ከዘማች ቁጥር አላገባም ቢል ከገዛ ቋንቋው ጋር ይጣላል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ከበድ ይላል፤ ብዙ ጊዜም የተማረ ነው። «ያ የቅኝ ገዥዎች ጠብ ነበር፤ ለእንግሊዝ የሞተን ሰው ማክበር እንግሊዝን ማክበር ነው» ይላል። ከነፃነት በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ መንግሥታት በዚህ ስሜት ተመርተዋል፤ የነፃነት ታጋዩ ጀግና ሆነ፣ ለባዕድ ጦር ያገለገለው ደግሞ የሚያሳፍር ዘመድ ሆኖ በጓዳ ተቀመጠ። በዚህ ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ፤ ጦርነቱ የአፍሪካ አልነበረም። ነገር ግን ጦርነትን ማክበርና ዘማችን ማክበር ሁለት ነገሮች ናቸው። ተሸካሚው ጦርነቱን አልመረጠም፤ ሹም ይዞ አስረከበው። በግድ የተወሰደ ሰው በፈቃዱ ከሄደው ያነሰ ሐዘን የሚገባው ከሆነ ፍርዱ ተገልብጧል። ደግሞም የቅኝ ገዥው ፍላጎት ምን ነበር? ስሙ እንዲጠፋ ነበር። ስሙን አናነሳም ማለት፣ በነፃነት ስም የቅኝ ገዥውን ውሳኔ ማጽደቅ ነው። ጉጊስበርግ ቢነሳ በደስታ የሚፈርምበት አቋም ነው።

ሦስተኛው ሰው አይከራከርም፤ ትከሻውን ብቻ ይነቀንቃል። «ለሐበሻ ምኑ ነው?» ይላል። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት አልገባችም፤ ሰዎቹም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ለዚህ ሰው መልሱ ትንሽ ዘርዘር ማለት ይኖርበታል።

በ1941 መጀመሪያ ላይ ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከደቡብ አፍሪካውያን ጋር አብዛኛውን የያዘው አፍሪካውያንን ነበር። ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ በተባለው ክፍለ ጦር ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከማላዊ የመጡ ወታደሮች ነበሩበት፤ የናይጄሪያና የጎልድ ኮስት ብርጌዶችም ነበሩ። ሞቃዲሾ በፌብሩዋሪ 25፣ ሐረር በማርች 26፣ አዲስ አበባ በኤፕሪል 6 ተያዙ። የመጨረሻው የኢጣልያ ምሽግ ጎንደር በኖቬምበር 27 ሲወድቅም የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች በውጊያው ውስጥ ነበሩ። በስተምዕራብ ደግሞ ከሱዳን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም የገባው ኃይል ጓዙ የተጓዘው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎችና በሱዳናውያን ግመል ነጂዎች ነው፤ ግመሎቹ በደጋው ብርድና ዳገት እየወደቁ አልቀዋል። የኢትዮጵያ አርበኛ አምስት ዓመት ታግሎ ጠላትን እንዳዳከመው የሚክድ የለም። ግን ነፃነቱ ሲመለስ በመንገዱ ላይ የወደቀ የካምባና የሉኦ፣ የአቾሊና የያኦ ልጅ አለ።

ኢትዮጵያ የ1941ን ውለታ አልዘነጋችም። አዲስ አበባ ውስጥ ጄኔራል ዊንጌት የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ሳንፎርድ የሚባልም አለ። ሁለቱም እንግሊዛውያን መኮንኖች ነበሩ፤ ክብሩም ይገባቸዋል። ከኪቱዪ ወይም ከኪሱሙ የመጣው ወታደር ስም ግን በየትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፏል? በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የድል ቀን ሲከበር በንግግሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ይነሳል? ይህ ሰው ከዘመቻው ተመልሶ በ1945 ሲሰናበት ያገኘው የመሰናበቻ ገንዘብ በቆዳው ቀለም የተወሰነ እንደነበር በ2019 ይፋ ወጥቷል፤ በተመሳሳይ ማዕረግ ያለው ነጭ እስከ ሦስት እጥፍ ተከፍሎታል። እንግሊዝ ለሰውየው ያነሰ ከፈለች። ነፃ የወጣችው አገር ልጆች ደግሞ ስሙን ለማወቅ አልጠየቁም።

እዚህ ላይ ሐበሻው የራሱን ቤት ቢፈትሽ የሚያፍርበት ነገር አያጣም። የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓድዋ ዘመን የስንቅና የትጥቅ መምሪያ አልነበረውም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ሚስቱ፣ አገልጋዩ፣ አህያው ይከተሉታል። ወፍጮ የተሸከመች፣ ማድጋ ያዘለች፣ ሲመሽ እህል ፈጭታ ያጋገረች ሴት ከሸዋ እስከ ትግራይ በእግሯ ሄዳለች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል ያለ እርሷ አይታሰብም። ይህ በየዓመቱ በንግግር ይነገራል፤ «እናቶቻችን» ተብለው በጅምላ ይመሰገናሉ። ስማቸው ግን የት አለ? ከእቴጌ ጣይቱ ቀጥሎ ስንት ሴት በስሟ ትጠራለች?

ፈረሶቹ ስም አላቸው። ይህ ነው የሚገርመው። የዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የባልቻ አባ ነፍሶ፣ የራስ አሉላ አባ ነጋ፣ የራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለው የሚጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። የአንድ ጌታ ፈረስ ስሙ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ፣ ቃኘው የተባለው ደግሞ በ1951 ወደ ኮርያ ለዘመተው ሻለቃ ተሰጥቶ ባሕር ተሻግሯል። ለፈረሱ ሣር ያጨደለት፣ ኮርቻውን የተሸከመው፣ በጭቃ ሲወድቅ ያነሳው ሰው ማን ነበር? የልጅ ልጆቹ እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ኪፕሊንግን ሲወቅሱ ራስን መርሳት አይገባም፤ እርሱ ቢያንስ ተሸካሚውን በሐውልቱ ላይ አቁሞታል።

በኮርያ የወደቁት የቃኘው ልጆች ግን ስማቸው አዲስ አበባ በቆመው መታሰቢያ ተቀርጾ ይነበባል፤ ስም በስም ማሰብ ይቻላል ለማለት ይህ በቂ ማስረጃ ነው። (በነዚያ ተራሮች ለተባበሩት መንግሥታት ጦር ጥይትና ምግብ በእንጨት መሸከሚያ በጀርባቸው ያወጡ የነበሩትም የኮርያ ገበሬዎች መሆናቸው እግረ መንገዱን ይታወስ። ጦር ባለበት ሁሉ ተሸካሚ አለ።)

«ስሞቹ ጠፍተዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ከየት ይመጣሉ?» የሚለው የመጨረሻ ማመካኛም እየፈረሰ ነው። በጃንዋሪ 2025 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአፍሪካ ውስጥ በጉልበት ሥራ ያገለገሉና መቃብራቸው ያልታወቀ 1,772 ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን መታሰቢያ ተመርቋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የእንጨት ምሰሶ ተተክሎለታል፤ በምሰሶውም ላይ ስሙና የሞተበት ቀን ተቀርጿል። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ያለቁ አሉበት። ስሞቹ የተገኙት አሮጌ መዝገብ ተገልጦ ነው፤ ተአምር አልተፈጸመም። የፈለገ አገኘ።

በኬንያና በታንዛኒያም የዚህ ዓይነት ፍለጋ መገፋት አለበት፤ የሚገፋውም እንግሊዝ ሲመቻት በምትልከው ገንዘብ መጠን ብቻ መሆን የለበትም። የካምባ፣ የኪኩዩ፣ የሉኦና የጊርያማ ሽማግሌዎች «አያቴ ካሪዮኮር ገብቶ ቀረ» የሚል ቃል ከአባቶቻቸው የሰሙ ናቸው፤ ቃሉን የሰሙት ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። መዝገብ መቶ ዓመት ይቆያል፤ የሽማግሌ ትዝታ አይቆይም። ንጉሥ ቻርልስ በ2023 ናይሮቢ መጥተው በካሪዮኮር ያለውን የጦር መቃብር ጎብኝተዋል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንጋፋ ወታደሮችንም አግኝተው ሜዳሊያቸውን መልሰው ሰጥተዋል። ደግ ነገር ነው። ተሸካሚዎቹ ግን ሜዳሊያ የሚቀበል ሰው አልተረፈላቸውም፤ የቀረላቸው ስም መጻፍ ብቻ ነው።

ናይሮቢ የሚኖረው ሐበሻ ደግሞ ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 በየማኅበሩ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፣ ፉከራ ይሰማል፣ ልጆች ባንዲራ ይዘው ይዘምራሉ። በንጎንግ መንገድ ባለው የናይሮቢ የጦር መቃብር ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ የሚባል አለ፤ ከኬንያ ተነስተው ወደ ሶማሊያና ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲገሰግሱ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮች ከሚታሰቡበት ስፍራ አንዱ ነው። አበባ ይዞ ለመሄድ፣ አንድ ካህን ወይም አንድ ሼኽ አስከትሎ ለመጸለይ፣ ከተቀረጹት ስሞች ጥቂቱን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለማንበብ ከአንድ ቀን ጥዋት የበለጠ ጊዜ አይጠይቅም። ከኪሊማኒ እስከዚያ ያለው ጉዞ፣ የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ካልከፋ፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።